የስኳር ውሃ የጠጣው ዳንቴል

በ1980 ዓ.ም. ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ቀን፣ ሐሙስ ነው። የቀደመው ዓመት ዘመነ ሉቃስ በመሆኑ ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች፤ ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ እንደ ደንቡ በዓሉ ከ29 ወደ 28 ተሳበ። ለባሕረ ሐሳብ አዋቂ ይህ ተራ ነገር ነው። ጉለሌ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ በተሠራ ባለሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ለሚኖሩ አንዲት እናት ግን ዝርፊያ ነበር። ከኅዳር ሚካኤል ጀምሮ "ዘንድሮ አንድ ቀን ተሰርቀናል" ሲሉ ሰነበቱ። የሚለጠፍ ግድግዳ፣ የሚታጠብ መጋረጃ፣ የሚጠነሰስ ጠላ፣ የሚጨረስ ዳንቴል አለ። በዚያ ላይ ቀኑ ጎድሏል!

ልጃቸው ያኔ 12 ዓመቷ ነው። ዛሬ ሃምሳ ሞልቷታል፤ የምትኖረውም ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስለዚያ ገና ስታወራ የምትጀምረው ከዶሮ ወጡ አይደለም፤ ከሌሊቱ ቅዳሴም አይደለም። ከሙጫው ነው።

ሙጫው የሚበስል ነበር። የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ምድጃ ላይ ይጣድና እንደ አጥሚት ወፈር ሲል ይወርዳል። ጋዜጣው ከሱቅ በኪሎ ይገዛል። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታተም የኖረው አዲስ ዘመን ለአዲስ አበባ የጭቃ ቤቶች ዜና ከመንገር ባልተናነሰ ግድግዳ በማልበስ አገልግሏል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጭቃው የሚረግፈውን አቧራ ይይዛል፤ በስንጥቁ የሚገባውን ነፋስ ይከለክላል፤ ቤቱንም ያፈካል። በየገናው አዲሱ በአሮጌው ላይ ስለሚደረብ ከዓመታት በኋላ ግድግዳው የካርቶን ያህል ወፍሮ፣ በጣት ሲመቱት እንደ ከበሮ ይሰማል።

በዚያ ዓመት የተገዛው ጋዜጣ የመስከረም ሰሞን ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1979 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ታውጇል፤ ከገጹ የማይጠፋው ወሬ እሱው ነው። በርጩማ ላይ የቆመው የበኩር ልጅ፣ ታናናሾቹ "ወንድምጋሼ" የሚሉት፣ ገጾቹን እየመረጠ ይለጥፋል። እናት ከታች ሆነው ይቆጣጠራሉ።

"ቀና አድርገህ ለጥፍ! በእኔ ቤት ሰው ተዘቅዝቆ አይቆምም።"

የወንድምጋሼ ፍርሃት ሌላ ነበር። የትልቅ ሰው ፎቶ ተዘቅዝቆ ቢታይ ቀበሌ ምን ይላል? ስለዚህ ያጠራጠረውን ገጽ ሁሉ ፊቱን ወደ ጭቃው አዙሮ ለጠፈው። መዘዙ የመጣው በኋላ ነው። ልጅቷ አልጋ ላይ ጋደም ብላ አንድ ታሪክ ማንበብ ትጀምራለች፤ ልብ ሲንጠለጠል "ወደ ገጽ 6 ዞሯል" ይላል። ገጽ 6 ከጭቃው ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ታሪኩ እንዴት እንዳለቀ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ስለ ኮርኒሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ማዳበሪያ ነበር። ጆንያዎቹ ስፌታቸው ተፈትቶ፣ ታጥበው፣ እርስ በርስ ተሰፍተው ከጣሪያው ሥር ይወጠራሉ፤ በላያቸው ላይ ኖራ ይቀባል። ኖራው ሲደርቅ "ዳፕ" የሚለው የፋብሪካ ጽሑፍ እንደገና ብቅ ይላል። ማታ ማታ አይጥ ሲሮጥበት ከላይ ሰው ያለ ይመስላል። እንግዳ ካለ ሬዲዮው ድምፁ ከፍ ይደረጋል።

ዳንቴሉ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ያለችበት ቤት ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር ማግኘት ይቸግር ነበር። ወንበሩ መደገፊያው ላይ፣ ጠረጴዛው መሐሉ ላይ፣ ሬዲዮው ራሱ ላይ፣ ቡፌው በየመደርደሪያው። ልጅቷ ከገና ጾም መያዣ ጀምራ ከትምህርት ቤት መልስ ኪሮሽ ይዛ ትቀመጣለች። ያን ዓመት የያዘችው ሥራ ከባድ ነው፤ የአበባ ማስቀመጫ ሥር የሚነጠፍ፣ ጠርዙ እንደ ቀሚስ ሽንሽን ተነሥቶ የሚቆም ክብ ዳንቴል። የጥጥ ክር በራሱ አይቆምም። እንዲቆም ስኳር መጠጣት አለበት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ስኳር በትንሽ ውሃ ፈልቶ ሲቀልጥ ዳንቴሉ ይነከራል፤ ይጨመቃል፤ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተወጥሮ በየሽንሽኑ መሐል ጠርሙስ ወይም ብርጭቆ እየገባ ይደርቃል። ስኳሩ ሲደርቅ ክሩን እንደ ሽቦ ያቆመዋል። ችግሩ አሠራሩ ላይ አልነበረም። ስኳር በቀበሌው ሕብረት ሱቅ በራሽን፣ ሰልፍ ተይዞ የሚገኝ ነገር ነበር። ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ቁልፉን የእናት መቀነት የሚያውቀው ሣጥን ውስጥ ነው። ለቡና ተቆጥሮ የሚወጣውን ስኳር ለክር ማጠጣት እብደት ይመስላል፤ አብረው የሚኖሩት አያትም ይህንኑ አሉ፦ "ልጄ፣ አፍ ያለው ሰው ተቀምጦ አፍ የሌለውን ታጠጫለሽ?"

እናት መልስ አልሰጡም። ሣጥኑን ከፍተው አራት ማንኪያ ሰፈሩ። በአምስተኛው ላይ ትንሽ አመነቱ፤ ግማሹን መለሱና ግማሹን ጨመሩ። ልጅቷ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ ስለ ቤት ማሳመር ስትጠየቅ ዓይኗ ላይ የሚመጣው ያ አራት ተኩል ማንኪያ ነው። ዳንቴሉ ደርቆ ቡፌው ላይ ቆመ፤ የፕላስቲክ አበባዎቹ በሳሙና ታጥበው በላዩ ተቀመጡ። በሁለተኛው ቀን ጉንዳን መጣ። ከበሩ ሥር ተነሥቶ፣ በጋዜጣው ግድግዳ ላይ በአንድ መስመር ወጥቶ፣ ቡፌው ድረስ። የዳንቴሉ እጣ ፈንታ ይህ ነበር፤ ባለሙያ ሴቶች የቡፌውን እግር በውሃ ጣሳ ውስጥ የሚያቆሙት ለዚህ ነው።

የገናው ዛፍ ከዚህ ሁሉ ቀለል ያለ ጉዳይ ነው። ዛፍ የመትከሉ ልማድ ከጀርመን አገር ተነሥቶ፣ ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤቷ አልበርት በዛፍ ዙሪያ የቆሙበት ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1848 የለንደን ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም የተስፋፋ ነው። ጉለሌ ሲደርስ ግን የተገኘው ከጎረቤት አጥር ነው። ያኔ የብዙ የአዲስ አበባ ግቢዎች አጥር የፈረንጅ ጥድ በመሆኑ በገና ሰሞን "አጥርዎን እናስተካክልልዎ?" የሚል ልጅ ይበዛል። ተቆርጦ የመጣው ቅርንጫፍ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ በድንጋይና በአፈር ይተከላል፤ ቆርቆሮው ባለቀለም ወረቀት ይጠቀለላል። ጌጡ ከሲጋራ ፓኮ የሚወጣ የብር ወረቀት፣ በዚያው ወረቀት የተጠቀለለ ቆርኪ፣ የካራሜላ ልጣጭ፣ ውስጡ ተመጥጦ የወጣ የእንቁላል ቅርፊት በቀለም ተቀብቶ። ለወራት ሲጠራቀም የቆየ ሀብት ነው።

ከዚያ ጥጡ ይመጣል። ጥጥ እየተባዘተ በየቅርንጫፉ ላይ ይበተናል። ለምን? ማንም አልጠየቀም። አዲስ አበባ በረዶ ቢጥልባት ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርድና ቆርቆሮውን የሚያንኳኳ ነው፤ በዛፍ ላይ እንደ አመዳይ የሚያርፍ በረዶ አይታ አታውቅም። ልጆቹ ጥጡን የመላእክት ልብስ ነው ብለው ያስቡ ነበር። ዕድሜያቸውን በእንዝርት የጨረሱት አያት ግን ከመደባቸው ሆነው በሐዘን ይመለከቱታል። ገናው ባለፈ ማግስት አንድ በአንድ ለቅመው ያባዝቱትና ይፈትሉታል። የዚያ ዓመት የገና በረዶ ለጥምቀት የነጠላ ጥለት ማሰሪያ ክር ሆነ።

በዚያ ገና ቤቱ ውስጥ ታይቶ የማያውቅ ነገርም ገባ። አሜሪካ የሄደ የእናትየዋ ወንድም በሰው እጅ ትንሽ ካርቶን ላከ፤ ውስጡ በአንድ ሽቦ የተሰካኩ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ አምፖሎች። ሰፈሩ ሰማ። በዋዜማው ማታ፣ ረቡዕ፣ ጎረቤት ሳይቀር ሳሎኑ ውስጥ ተኮልኩሎ ወንድምጋሼ ሶኬቱን ያዘ። እናት አማተቡ። ተሰካ።

መብራቱ በራ። እንደዚያ የበራ ነገር በዚያ ቤት ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላም አልታየም ትላለች ልጅቷ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተነበበ። ከዚያ ጧ አለ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፤ ቤቱ ጨለመ። ቆጣሪው የሦስት አባወራ የጋራ ስለነበር ሦስቱም ቤት ጨለመ። ምክንያቱን ያኔ የነገራቸው አልነበረም። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። እንዲህ ያሉ አምፖሎች በተርታ የተያያዙ በመሆናቸው የሚመጣውን ቮልት በየድርሻቸው ይካፈላሉ፤ እጥፍ የሚጠጋ ቮልት ሲመጣ ግን የየአንዳንዳቸው ሙቀት ከሚችሉት በላይ ይሆናል። መጀመሪያ የደከመው ሲቃጠል የተቀሩት ሁሉ ይጠፋሉ።

የሚገርመው፣ ይህ መብራት ከመነሻውም ለማስደነቅ የተሠራ ነው። የኤዲሰን የሥራ ባልደረባ የነበረው ኤድዋርድ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1882 ኒውዮርክ በሚገኘው ቤቱ 80 ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ አምፖሎች በዛፍ ላይ አብርቶ ሰው አስገርሟል፤ የመጀመሪያው በኤሌክትሪክ ያጌጠ የገና ዛፍ የሚባለው ያ ነው። የጉለሌው ለሁለት ሰከንድ ያህል ብቻ በራ፤ ስሙ ግን በሰፈሩ ለዓመታት ቆይቷል።

ጎረቤትየው ሻማ ይዘው መጡ። "አይዞሽ እቴ፣ ጌታም የተወለደው በጨለማ ነው" አሏቸው እናትን። ወንድምጋሼ የተቃጠለውን ሽቦ አውልቆ ሊጥል ሲል ልጅቷ አስጣለችው። ብርሃናቸው ቢጠፋም ቀለማቸው አልጠፋም፤ በሻማው ብርሃን ያብለጨልጫሉ። በዛፉ ላይ ቀሩ። በሚቀጥለው ዓመትም ወጡ፤ ከዚያም በሚቀጥለው።

ቄጠማው የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ከወንዝ ዳር ረግረግ ታጭዶ፣ ጭቃው ከሥሩ ሳይለቅ፣ በዋዜማው በሴቶችና በሕፃናት ጀርባ ወደ ከተማ ይገባል። በስሙኒ አንድ እስር ነበር። ቀይ ሊሾው ከታጠበ፣ ከተወለወለ፣ መጋረጃው ከተሰቀለ፣ የፎቶ መስታወቶቹ ከተጠረጉ፣ ከፖስታ ቤት የመጡት የእንኳን አደረሳችሁ ካርዶች በክር ላይ እንደ ልብስ ከተሰጡ በኋላ እናት ጫማቸውን አውልቀው፣ ከጓዳው በር ጀምረው ወደ ኋላ እየሄዱ ይጎዘጉዙታል። ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት ሳሎን የሚረግጥ የለም። ከቅዳሴ ሲመለሱ በሩ ሲከፈት የሚቀበላቸው ሽታ ነው፤ የቄጠማው እርጥበት፣ የጥዱ ሙጫ፣ የዕጣኑ ጭስ፣ በወይራ የታጠነው የጠላ ጋን። የገናው ቤት ማማሩ በዓይን ከመታየቱ በፊት በአፍንጫ ይታወቅ ነበር። ዛሬ በየመጽሔቱ ስለ ቤት ዲኮር የሚጻፈው ሁሉ ስለ ቀለም ነው፤ ስለ ሽታ የሚያነሣ ብዙም አይገኝም። ይህ ትልቅ መዘንጋት ነው።

ሌላም የተዘነጋ ነገር አለ። እናትየዋ መተው ያውቁ ነበር። ካርድ የሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ ፊኛ አይሰቀልም። ዛፉ የቆመበት ጥግ ሌላ ነገር አይቀርበውም። ልጆቹ ጌጥ ባገኙ ቁጥር ሊጨምሩ ሲሯሯጡ "በቃ፣ ይተንፍስ" ይሏቸው ነበር ስለ ቤቱ። የተማሩት ከየት እንደሆነ አይታወቅም፤ ምናልባት ከድህነት፣ ምናልባት ከጥልፍ ሙያቸው።

ዘመኑ ተለወጠ። ልጅቷ አግብታ የራሷን ቤት ስትይዝ ገበያው ሞልቶ ጠበቃት። በየዓመቱ ከገና በፊት ኤግዚቢሽን ማዕከል ባዛር ይከፈት ነበር፤ መርካቶ ከቻይና የመጣ የፕላስቲክ ዛፍ ከነጌጡ በሜትር ይሸጣል። መብራቱ 220 ቮልት ነው፤ ዜማም ያሰማል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ራሷን መግታት አቃታት። ሳሎኑ ብልጭልጭ ብቻ ሆነ። እናቷ ለበዓል መጥተው በሩ ላይ ቆም አሉና ዙሪያውን አዩ፤ "ልጄ፣ ሠርግ አለ እንዴ?" አሏት። ክፋት አልነበረበትም፤ እሷ ግን ያን ማታውኑ ግማሹን አወረደችው።

ቨርጂኒያ ያለችው ታናሽ እህቷ ደግሞ ሌላ ዘዴ አላት። ፈረንጆቹ በዓላቸውን የሚያከብሩት በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ዓመት ታኅሣሥ 16 ነው፤ በማግስቱ የገና ጌጥ ሁሉ ዋጋው ይወርዳል። የሐበሻው ገና ግን ሁለት ሳምንት ያህል ይቀረዋል። ስለዚህ እሷ ገበያ የምትወጣው ሰው ሁሉ ከገበያ ሲመለስ ነው። ጎረቤቶቿ ዛፋቸውን አውጥተው ደጅ ሲያስቀምጡ የእሷ መስኮት ይበራል። ቄጠማ አታገኝም፤ በሰው ሠራሽ ሳር ምንጣፍ ላይ ረከቦቷን ዘርግታ ቡና ታፈላለች። "ሁሉም ይገኛል፤ የሌለው ሽታው ነው" ትላለች በስልክ፣ በየዓመቱ፣ ከሞላ ጎደል በዚሁ ቃል።

ሽታው አዲስ አበባም ቢሆን በቀላሉ አይገኝም። የኮንዶሚኒየሙ ወለል ሴራሚክ ነው፤ እርጥብ ቄጠማ ሲነጠፍበት ያንሸራትታል፤ አንድ ዓመት አማቷ ሊወድቁ ለጥቂት ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ የምትጎዘጉዘው ረከቦቱ ዙሪያ ብቻ ሆነ። ዛፉ ፕላስቲክ ነው፤ አይሸትም። የጎደለውን ለመሙላት ከሰው አጥር አንድ ሁለት ቀንበጥ ጥድ ለምና በመካከሉ ትሰካለች።

ዳንቴሉስ? እናቷ ሲያርፉ ከሣጥናቸው ሥር፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ተገኘ። ክሩ እንደ ቅቤ ቢጫ ሆኗል፤ ሽንሽኑ ተኝቷል። ወደ ቤቷ ወሰደችውና የሚቀመጥበት ቦታ አጣች። ቡፌ የለም። ቴሌቪዥኑ እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ራስ የለውም። ሬዲዮው ስልኳ ውስጥ ገብቷል። ዳንቴል የሚያለብሱት ዕቃ ሁሉ ቀጥኖ አልቋል ብላ ለራሷ ሳቀች፤ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ተኛ።

በ2016 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ነበርና ገና እንደገና ታኅሣሥ 28 ዋለ፣ እሑድ ቀን። ሳምንት ሲቀረው የቀን መቁጠሪያውን አይታ "አንድ ቀን ተሰርቀናል" የሚል ቃል ከአፏ አመለጣት። ተነሥታ መሳቢያውን ከፈተች። ዳንቴሉን በለብታ ውሃ አጠበችው፤ ቢጫው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ስኳር አፈላች። ዛሬ ስኳር የሚቆጥርባት የለም፤ ቢሆንም አራት ማንኪያ ሰፍራ አምስተኛው ላይ ግማሹን መለሰች። ሽንሽኑን በቡና ስኒ አቁማ አደረቀችው።

የፕላስቲኩ ዛፍ ባለ ሦስት እግር የብረት መቆሚያ አለው፤ የማያምር ነገር ነው። ዳንቴሉን በሱ ላይ አለበሰችው። ቅርንጫፉ ላይ የተቃጠሉትን የአሜሪካ አምፖሎች ሰቀለች፤ ሦስት ብቻ ቀርተዋል፤ አንድ ቀይ፣ ሁለት ቢጫ። ልጇ አይታ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው።

አራተኛ ፎቅ ነው፤ ከታች አፈር የሚባል የለም፤ ግቢው በሙሉ ኮብልስቶን ነው። ጉንዳኑ በሁለተኛው ቀን መጣ።